ዘምዘም የፈረመችበት ግድግዳ

ዘምዘም መሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። የድሮ ባልደረባዬ ግርማ ከጠዋት ጀምሮ ሲደውልልኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ስልኬንና መነጽሬን አንድ ላይ የሆነ ቦታ አስቀምጬ ረስቼ፣ መነጽሬን ያለ መነጽር ስፈልግ ነበር። ሁለቱንም ከቀትር በኋላ ከዳቦው ከረጢት ውስጥ አገኘኋቸው። እንዴት እዚያ እንደገቡ አትጠይቁኝ፤ በዚህ ዕድሜ ዕቃ በራሱ ይሄዳል። መልሼ ስደውልለት ግርማ መኪና ውስጥ ነበር።

«ከቀብር እየተመለስን ነው» አለኝ።

«የማን ቀብር?»

«የዘምዘም። የጥገናዋ ዘምዘም። ሌሊቱን አርፋ ረፋዱ ላይ ተቀበረች። ስንት ጊዜ ደወልኩልህ እኮ።»

ቁጭ አልኩ። የሚወዱት ሰው መሞቱን ሲሰሙ ቀድሞ የሚመጣው ሀዘን ነው ይባላል። እኔ ጋ ቀድሞ የመጣው «እንግዲህ አሁን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ሐሳብ ነበር፤ ከሐሳቡ ጋር ደግሞ ትንሽ የመቅለል ስሜት ተከትሎ ገባ። በሰው ሞት የሚቀለው ምን ዓይነት ሰው ነው ብትሉ፣ ባለ ባርኔጣ፣ ባለ ከዘራ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ተጫዋች ናቸው» የሚለው ሽማግሌ ነው። እየጻፈላችሁ ያለው እሱ ነው።

ከዘምዘም ጋር ካዛንቺስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ሠርተናል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ሌላ ስም አያስፈልገውም። እሷ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበረች፤ እኔ የመዝገብ ቤት ኃላፊ። ማለቴ፣ እሷ ትሠራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። አጠር ያለች፣ እርምጃዋ ፈጣን የሆነ ሴት ነበረች። ሻሿ ውስጥ ሁልጊዜ እርሳስ ትሰካለች። ስብሰባ ላይ የምትዘገየው መንገድ ላይ ግድግዳ ስለሚይዛት ነው፤ ሌላውን ሰው ወዳጁ ይይዘዋል፣ እሷን ግድግዳ። በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ትለጥፍበታለች።

«ምን አለሽ?» እላታለሁ።

«ብርድ መታኝ አለኝ። ጣሪያው እያፈሰሰ ነው፣ ከላይ ነው የገባበት።»

«እኔንስ አታዳምጪኝም?»

«አንተን ምን አዳምጥሃለሁ፣ ሳላንኳኳህ ታወራለህ።»

አባቷ ከወሎ መጥተው ከከተማው ዳር ኖራ ሲያቃጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ልጅ ሆና ምሳ ታደርስላቸው ነበር። ድንጋዩ ምድጃው ውስጥ ተከምሮ፣ ኖራ እስኪሆን ድረስ ቀን ከሌሊት እንጨት ሲጎርስ እያየች ነው ያደገችው። አባቷ ሲያስሉ ኖረው ሲያስሉ ሞቱ። ስለዚህ ዘምዘም ያረጀ ቤት ስታይ ውበቱ አልነበረም የሚታያት። ቅርስ የሚለውን ቃል እንኳ ብዙም አትወደውም ነበር፤ «ቅርስ ካልከው ሰው በሩቁ ያየውና ይሄዳል፣ ቤት በለው፣ ይገባበታል» ትላለች። እሷ የሚታያት ጭሱ ነው።

«ይኼ ግድግዳ ስንት ጭነት እንጨት እንደበላ ታውቃለህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ የማውቀው እኔ የበላሁትን ነው።»

«እሱንማ ሆድህ ይናገራል። ስማኝ። ጭሱ አንዴ ወጥቷል። ገሚሱን አባቴ ውጦታል፣ ገሚሱን ሰማዩ። ቤቱ እስከቆመ ድረስ ሌላ ጭስ አይጠይቅህም። ካፈረስከው ግን እንደገና ሲሚንቶ ታቃጥላለህ፣ ፌሮ ታቀልጣለህ፣ በመርከብ ታመጣለህ፣ በገልባጭ ትጭናለህ። ለምን? ጣሪያው ስላፈሰሰ?»

ከዓመታት በኋላ አንድ ወጣት መሐንዲስ ሊያሠለጥነን መጥቶ ስለ ካርቦን ልቀት አስረዳን። አሮጌ ሕንፃን አድሶ መጠቀም ከማፍረስና እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ ብዙ ልቀት እንደሚያስቀር በሥዕል እያሳየ ነገረን። እኛ የሻይ ዕረፍቱን እየጠበቅን ነበር። ዘምዘም እርሳሷን ከሻሿ አውጥታ ስትጽፍ ቆየችና ወደ እኔ ዘንበል አለች።

«ካርቦን የሚሉት የአባቴን ጭስ ነው ለካ» አለችኝ። «እሳቸው እያሉ ስም አልነበረውም።»

ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግቢያችን ጥግ ላይ የተጣለ አሮጌ የድንጋይ ጋራዥ ነበር። ይፍረስ ሲባል ለምና አስቀረችውና ለእኔ መዝገብ ቤት አደረገችው። ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጣሉ በሮች አምጥታ ገጠመች፣ ሁለት መስኮት ትይዩ አወጣች፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባች። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ «አይጦቹን አስፈቅደሻል ወይ?» እያልኩ ስቀልድ ነበር። ከገባሁበት በኋላ ግን ውጭ ፀሐይ ሲጋረፍ እኔ ውስጥ ሹራብ ለብሼ ተቀምጬ አውቃለሁ። ማራገቢያ የሚባል ነገር አልገዛንም። ጎረቤት ክፍል ያሉት ላባቸውን ለማድረቅ ፋይል የጠፋባቸው እየመሰሉ ይመጡ ነበር። ያንን ክፍል የሠራችልኝ ለእኔ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ከግቢው መሀል ደግሞ «ፎቁ ቤት» የምንለው ነበር። በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው ጡብ፣ በረንዳውና ደረጃው እንጨት። ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ ወለሉን ከተሸከሙት እንጨቶችም ሁለቱ በስብሰዋል። አለቆቻችን ፎቁ ቤት ፈርሶ መስታወት የለበሰ ሕንፃ እንዲሠራበት ፈለጉ። የሚወስን አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው፣ ከፋይናንስ ግርማ፣ ሁልጊዜ ከሰብሳቢው ጋር የሚስማማ አንድ የሕግ ሰው፣ ዘምዘም፣ እና ጸሐፊው እኔ። ደንባችን ግልጽ ነበር። አምስቱም ከተስማሙ ቤቱ ይፈርሳል። አንድ ሰው እንኳ በልዩነት ከወጣ ግን የውጭ ባለሙያ መጥቶ አጥንቶ ሳይወስን ማንም አይነካውም። ዘምዘም ይህን ታውቃለች፤ አንድ ድምፅ ይበቃታል።

አሁን ስለ ቃለ ጉባኤ ልንገራችሁ። በቃለ ጉባኤ የታወቅኩ ነበርኩ። ጽሑፌ ያምራል፣ ቋንቋዬ ይጥማል፣ ሌላ ክፍል ያሉ ሰዎች እንኳ ተበድረው ይወስዱኝ ነበር። ምስጢሩን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ከጻፍኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ ስብሰባው ሳይጀመር ያለቁ ናቸው። ሰብሳቢው ጠዋት ይመጣና እንዴት እንደሚያልቅ ይነግረኛል፣ እኔ አሳምሬ እጽፋለሁ፣ ከሰዓት ሰዎቹ ይመጡና የጻፍኩትን ይናገራሉ። አንድ ቃል እንኳ የሚስቱት ከስንት አንዴ ነው።

የፎቁ ቤት ስብሰባ ዓርብ ከሰዓት ነበር። እኔ ደግሞ ዓርብ ዓርብ ከኡራኤል ጀርባ ዳማ የምጫወትበት ቀጠሮ አለኝ። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን ጠዋት ጨርሼ አትሜ ይዤ ገባሁ። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር «ኮሚቴው በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ ሕንፃው እንዲፈርስ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል። በስፋት የሚለውን የጨመርኩት ለውበት ነው።

ዘምዘም ስብሰባው ፎቁ ቤት ውስጥ ይሁን ብላ ነበርና እዚያ ተሰበሰብን። ከወንበር አስነሥታ ክፍል በክፍል አዞረችን። ሰብሳቢውን እጁን ይዛ ግድግዳውን አስመታችው። ጣሪያው ይቀየር፣ ሁለቱ እንጨቶች ይለወጡ፣ ላይኛው ቢሮ ይሁን፣ ታችኛው ለሠራተኛው ክሊኒክና ቤተ መጻሕፍት፣ ቦታ ከጠበበን በስተኋላ ባለው ባዶ መሬት ትንሽ እንጨምርበት አለች። ሁሉንም በደብተር ነድፋው ነበር።

«ዘምዘም፣ ስሜታዊ አትሁኚ» አለ ሰብሳቢው።

«ስሜት አይደለም፣ አስልቼዋለሁ። ይኼን አፍርሰን ሌላ ለመሥራት የምናወጣውን ጭስ፣ አዲሱ ሕንፃ እኔና አንተ ሞተን እንኳ አይመልሰውም። ቤቱ ታሟል እንጂ አልሞተም። የታመመ ትቀብራለህ?»

እኔ ሰዓቴን አየሁ። እጅ አውጡ ሲባል አራታችን አወጣን። እኔ ያወጣሁት አምኜበት እንዳይመስላችሁ፤ ቶሎ እንዲያልቅ ነው። ዘምዘም እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች «እኔ በልዩነት ወጥቻለሁ፣ ይጻፍልኝ» አለች። ሰብሳቢውም «ይጻፍላት» አለና ተነሣ።

መጻፍ ነበረብኝ። አንድ አንቀጽ ነው። መዝገብ ቤት ተመልሶ፣ አስተካክሎ፣ እንደገና አትሞ መምጣት ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የዳማው ጓደኛዬ ደግሞ ከዘገየሁ ሌላ ሰው ያስቀምጣል። ሰኞ አስተካክለዋለሁ አልኩ በልቤ። ለዛሬው ይፈርሙ፣ ሰኞ ገጹን እለውጠዋለሁ። ወረቀቱን አዞርኩ፣ እየቆሙ ፈረሙ። ዘምዘም መጨረሻ ቀረች።

«የእኔን ልዩነት ጽፈሃል አይደል?» አለችኝ።

«እንዴታ» አልኳት።

«አንተ ካልክ በቃ» አለችና፣ ጠረጴዛ ስላልነበረ ወረቀቱን ከፎቁ ቤት ግድግዳ ላይ አስደግፋ ፈረመች። ሳታነብ። ግድግዳው ሸካራ ስለነበር ፊርማዋ ተንቀጠቀጠ። «ቤቱም አብሮኝ ፈረመ» ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ።

ያን ቀን ዳማውን ተሸነፍኩ፤ ለማንኛውም ማወቅ ከፈለጋችሁ።

ሰኞ ስመጣ ወረቀቱ የለም። ሰብሳቢው ዓርብ ማታውኑ ለበላይ አስገብቶታል። ቢሮው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። «ምነው?» አለኝ። «ደኅና አደርክ ልልህ ነው» አልኩት። በቃ ይኸው ነው ያልኩት።

ቀጥሎ ያለውን መጻፍ ነው የሚከብደኝ። ዘምዘም ልዩነቷ እንደተጻፈ አምና ባለሙያ መጠበቅ ጀመረች። ሰው ገንዘብ ሳይመድብላት ፎቁን ቤት አጸዳች። ጡቡ እንዲታይ ልስኑን ሁለት ቦታ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ከቤቱ ኋላ ጉድጓድ አስቆፍራ ኖራ አስነከረች። «ኖራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ሰዎቹ እስኪመጡ ይበስላል» ትላለች። ማክሰኞና ሐሙስ የምታምርባትን ሻሽ አስራ ትመጣ ነበር፤ ባለሙያ የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው ብሎ ማን እንደነገራት አላውቅም። በመዝገብ ቤቴ በር ብቅ ትላለች።

«ታዬ፣ ደብዳቤ የለም?»

«ገና ነው።»

«መቼ ይመጣሉ ትላለህ?»

«በቅርብ ይሆናል።»

«ኢንሻአላህ» ትልና ትሄዳለች። ይህ ለአንድ ቀን ወይም ለአንድ ሳምንት አልነበረም፤ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ነው። እኔም በየጊዜው መልሴን እያሳመርኩ ሄድኩ። አንድ ጊዜማ «ሰው በዝቶባቸው ይሆናል» ብዬ ለሌሉት ባለሙያዎች አዘንኩላቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ቁፋሮ የሚሠራው ትልቁ ማሽን በሩን አልፎ ገባ። ዘምዘም ፊቱ ሄዳ ቆመች። ሹፌሩ ትሁት ሰው ነበር፣ ሞተሩን አጠፋላት። እሷ ወደ አለቃው ቢሮ ሮጠች፤ እዚያ ቃለ ጉባኤውን አወጡና የራሷን ፊርማ አሳዩዋት። የተንቀጠቀጠውን።

ከዚያ ወደ እኔ መጣች። ሠራተኛው ጩኸት ሰምቶ ተከትሏታል፤ ግርማም ነበረ። እኔ እሷ በሠራችልኝ ክፍል፣ እሷ በገጠመችው በር ትይዩ ተቀምጫለሁ። ትጮህብኛለች ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። አልጮኸችም። በቀስታ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ «ሳላነብ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ጠበቀች።

ምን እንደምትጠብቅ ገብቶኝ ነበር። በሩን ከፍታልኛለች፤ የሚቀረኝ «ጠይቃኝ ነበር» ማለት ብቻ ነው። ቤቱ ገና አልተነካም፣ የማሽኑ ሞተር ጠፍቷል፣ አለቃው ሊሰማኝ ይችል ነበር። እኔ ስቴፕለሬን አንሥቼ ከፈትኩት፤ ሽቦ እንዳለው አየሁ፤ ነበረው፤ ዘጋሁት። ቀና ስል ሄዳለች። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ተነሣ።

ከዚያ ቀን በኋላ «አንተ» ብላኝ አታውቅም። «አቶ ታዬ፣ እንደምን አደሩ» ሆነ። ሰላምታዋ አልቀነሰም፣ ቀልዷ ግን ቀረ። የማስፈርማት ወረቀት ሲኖር ፊቴ ቆማ፣ ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ከላይ እስከ ታች ታነበዋለች። የዕረፍት ፈቃድ ቅጽ እንኳ።

ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ሦስት ቀን ከፍርስራሹ ላይ ቁጭ ብላ ጡብ በመዶሻ ስትጠርግ ከረመች። ከሌላ ክፍል አንድ ሰው «ይኼ ደግሞ ለምን ይሆናል?» ሲላት ሰማኋት። «በኖራ የተያዘ ጡብ ይለቃል፣ ጠርገህ እንደገና ትሠራበታለህ። በሲሚንቶ ቢሆን ተሰባብሮ ይቀር ነበር» አለችው። በነዚያ ጡቦች የጥበቃ ቤቱን ሠራች። እኔ በመስኮት አያት ነበር። ወርጄ አንድ ጡብ አላቀበልኳትም።

መስታወቱ ሕንፃ ዓመታት ፈጅቶ አለቀ፤ ጋራዡም ለመኪና ማቆሚያ ሲባል ተከተለ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሁለት ዓመት እዚያ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተቀቅያለሁ። ከሰዓት ፀሐዩ በመስታወቱ ሲገባ ራሴን አሳ አድርጌ አስብ ነበር። ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ። ጄኔሬተሩ ጥቁር ጭሱን ሲለቅ ዘምዘም ግቢ ውስጥ ካለች ቆማ ታየዋለች። ወደ እኔ መስኮት ግን ቀና ብላ አይታ አታውቅም፤ አላውቅም፣ ብታይም እኔ ከመስኮቱ ዞር ስለምል።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ታሪኩ ቀልድ ሆነ። ወረቀት ሲዞር «አንብቡ፣ እንደ ዘምዘም እንዳትሆኑ» ይባላል። እሷ ፈገግ ትላለች። እኔ ከሁሉ አስበልጬ እስቃለሁ፤ ቀልደኛ ነኛ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ የድሮ ባልደረቦች ተደርድረዋል። ልጇ ሰሚራ ሻይ እያዞረች ነበር፤ እናቷን ትመስላለች፣ አረማመዷ ሳይቀር። ግርማ እንግዶቹን ለማጫወት ብሎ ጀመረ።

«ዘምዘም እኮ» አለ፣ «ለዚያ ለፎቁ ቤት ስትሟገት ምላሳችንን አስወጥታን፣ መጨረሻ ላይ ሳታነብ መፍረሱን በገዛ እጇ ፈረመችበት።»

ሰው ለሀዘን ቤት እንደሚገባው ቀስ ብሎ ሳቀ። ሰሚራ ትሪውን ይዛ ቆመች።

«እማዬ በሱ ነገር ቀልድ አትወድም ነበር» አለች። «ሆስፒታል ሆና እንኳ አንሥታዋለች። ‹ያንን ቤት የሚያስታውስ ሰው ሁሉ ያፈረስኩት እኔ እንደሆንኩ ነው የሚያውቀው› ትለኝ ነበር።»

ያኔ ተናገርኩ። እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። «ጠይቃኛለች» አልኩ። «ከመፈረሟ በፊት ‹የእኔን ልዩነት ጽፈሃል?› ብላ ጠይቃኛለች። ጽፌያለሁ አልኳት። አልጻፍኩም ነበር። ቸኩዬ ነበር፣ ዳማ ልጫወት። ቤቱን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።»

እንዲወርዱብኝ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ ፈልጌውም ነበር። ግርማ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«አይ ታዬ» አለ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። «አሁን ደግሞ ጥፋቷን በራስህ ልትወስድላት? ዳማ ብሎ ነገር። ይኼ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በራሱ እየቀለደ ሰው እንዳይከፋው ያደረገ ሰው ነው» አለ ለእንግዶቹ። አንድ ሼኽ ከጥግ «አላህ ይስጣቸው፣ የሞተን ሰው ስም መጠበቅ ትልቅ ነገር ነው» አሉ። ሌሎችም ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ።

«ቀልድ አይደለም» አልኩ። በዚህ ጊዜ ሁለት ሰዎች ፈገግ አሉ። እንደዚህ ማለት የጨዋታዬ መጀመሪያ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ስጀምር ሰምተውኛል።

ልሄድ ስነሣ ሰሚራ እስከ ዋናው መንገድ ልሸኝዎ ብላ ተከተለችኝ። ከዘራዬ በሌለበት ጎን ክንዴን ደገፈች።

«ጋሽ ታዬ፣ ዛሬ ያሉትን መቼም አልረሳውም» አለችኝ። «እማዬ ብትሰማዎት ደስ ይላት ነበር። አባት እንደሆኑልኝ ነው የምቆጥረው።»

ቆም ብዬ አየኋት። ሌላ ሰው የለም፣ እሷና እኔ ብቻ ነን። ልጄ፣ እውነት ነው፣ አንድም የፈጠርኩት የለበትም፣ እናትሽ በእኔ ምክንያት ነው ያፈረችው ማለት ነበረብኝ። ቃላቱ አፌ ውስጥ ተደርድረው ነበር፤ መቼም ዐረፍተ ነገር ማሳመር አያቅተኝም። ዐይኗ ውስጥ ያለው ምስጋና ግን ሞቀኝ። ሰው እንደዚያ ካየኝ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

«ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ የታክሲው ረዳት ይጣራል። ሰሚራ ጎንበስ ብላ ትከሻዬን ሳመችኝ። «ምንም አይደል ልጄ» አልኳትና ገባሁ። በሩን እሷ ዘጋችልኝ።